የአክታው ባለቤት

የላቦራቶሪ ባለሙያው ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ፣ «ይሄ አክታ የማን ነው ያሉኝ?» ብሎ ጠየቀ።

«የልጄ ነዋ!» አሉ እናትየው። «ከትምህርት ቤት ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ፣ ሳል አለብኝ ቢል ይመርመር ተባለ። ትኩሳት ቢጥለው ጊዜ እኔው አክታውን አሰላ ድረስ ይዤ መጣሁ።» ከሳጉሬ አብሯቸው የመጣው የቀበሌ ሊቀመንበር በሩን ተደግፎ በጎሪጥ ያያቸዋል። እሱም አላመናቸውም።

ባለሙያው እንደገና አጎነበሰ። አቧራና ጭስ እየዋጡ ሳንባን የሚያጸዱት ሴሎች መስታወቱ ላይ ተበትነዋል፤ ሁሉም ጥላሸት ጠግበው ጠቁረዋል። ገና ትምህርት ቤት ያለ ጎረምሳ ይህን ሁሉ ጭስ ከየት አመጣው? ቀና ብሎ ሴትዮዋን አያቸው። ዓይናቸው ደፍርሷል፤ ነጠላቸው የአረቄ ማውጫ ጭስ ጭስ ይላል። ሲያያቸው አክታው የመጣበትን ብልቃጥ የያዙበትን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ።

ማታለላቸው አናደደው። ሊያጋልጣቸው አፉን ከመክፈቱ በፊት ግን በማይክሮስኮፑ ለመጨረሻ ጊዜ አየ። በጠቆሩት ሴሎች መሀል ቀጫጭን ቀያይ ዘንጎች ተጋድመዋል። ሴሎቹ ጭሱን እንጂ እነዚህን አልቻሏቸውም።

«እህ፣ ምን ተገኘ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ጓድ። ልጁ ለጦር ሜዳ አይሆንም።»

ሊቀመንበሩ እየተነጫነጨ ወጣ። የእናትየው ፊት በራ። «ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ» ብለው መመረቅ ሲጀምሩ ሳል አቋረጣቸው።

ባለሙያው ሳላቸው እስኪያባራ ጠበቀና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚታዘዘውን መድኃኒት ግን ለልጁ እንዳይሰጡት፣ እናቴ። የሚውጡት እርስዎ ነዎት።»