ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ

«ይግቡ፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጡ» ትላለች የዓይን መርማሪዋ፣ ከጠረጴዛው ቀና ሳትል። የባለተራውን ስም ቅጹ ላይ ያነበበችው ቅድም ነው። ሞክሼ ይሆናል ብላ ራሷን ስታታልል ቆይታ፣ ኮቴውን ስትሰማ ግን ታውቀዋለች።

ሰውየው በሩ ላይ ቀጥ ይላል።

«ድንቢጥ?»

በዚህ ስም የጠራት በሕይወቷ አንድ ሰው ብቻ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች መናኸሪያ ድረስ ሸኝታው፣ «ሥራ እንደያዝኩ መጥቼ እወስድሻለሁ» ብሏት በዚያው የቀረ። ይኸው ሠላሳ አምስት ዓመት።

«ድምፅሽ ያው ነው» ይላል፣ የወንበሩን መደገፊያ በእጁ እየፈለገ። «ምንም አልተለወጥሽም እኮ! ያ ፀጉርሽ እንኳ እንዳማረበት ነው።»

እጇ ሳታስበው ወደ ራሷ ይሄዳል። የካንሰሩ መድኃኒት ያረገፈው ፀጉሯ ገና የጥፍር ያህል አላደገም። ሻሽ ማሰር የተወችው ባለፈው ሳምንት ነው።

ቅጹን ወደ ራሷ ትስባለች።

«መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ ነው?»

«አዎ። የተማሪ ሰርቪስ ነው የምነዳው።»

ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ሦስት ሦስት ጥርስ ያላቸው ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ተመርማሪው የሚናገረው ጥርሶቹ ወዴት እንደዞሩ ነው። ሰሌዳውን ከሚስማሩ ታነሳና በጀርባው ትሰቅለዋለች። ሰውየው ቅንድቡን እንኳ አያነቃንቅም።

«አራተኛውን መስመር አንብብልኝ።»

«ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ» ይላል እንደ ውሃ።

አንድም አልሳተ። የሸመደደው ግን አሁን ወደ ግድግዳው የዞረውን ገጽ ነው።

«ገልብጬዋለሁ እኮ» ትላለች ቀስ ብላ።

የሱሪውን ጉልበት በእጆቹ ይጨመድዳል። ከውጭ የወረፋ ጠባቂዎች ሳል ይሰማል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓመት አለፈው። ሁሉ ነገር ጭጋግ ነው። መንገዱን ግን በልቤ አውቀዋለሁ። ለጡረታዬ ስድስት ወር ነው የቀረኝ፤ እሷን ብቻ አሳልፊኝ፣ እባክሽ።»

«ስንት ልጅ ነው የምትጭነው?»

«አርባ ሁለት» ይላል። ወዲያው የተናገረውን ራሱ ሰምቶ አንገቱን ይደፋል።

ማህተሙን ታነሳለች።

«መጥቼ ነበር» ይላል ሳይታሰብ። «በአራተኛው ዓመት። በራችሁ ላይ ልጅ አዝለሽ አየሁሽ። አግብታለች ብዬ ከመንገድ ተመለስኩ።»

ማህተሙ አየር ላይ ይቀራል።

«የእህቴን ልጅ ነዋ! እኔ ያገባሁት ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ቆይቼ ነው። እሱም አልዘለቀም።» ትስቅ ይመስል ትንፋሿን ታወጣለች። «ያኔ እንኳ ዓይንህ ደህና ነበር።»

ለቀልድ ነበር ያሰበችው። ሁለቱም ግን አይስቁም።

ከዚያ ማህተሙን ቅጹ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ብቁ አይደለም። እሱም የትኛው ማህተም እንደሆነ አይጠይቅም።

«ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» ይላል ተነስቶ። «ቤት የሚጠብቀኝ ሰው የለም።»

«ለምሳ፣ ስድስት ሰዓት።»

«ውጭ አግዳሚው ላይ ነኝ። ዛሬስ ሳላይሽ፣ ማለቴ... ሳትመጪ አልነቃነቅም።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋውኗን ሰቅላ ትወጣለች። ከየቢሮው የሚወጡ ሴቶች በአግዳሚው ፊት ይጎርፋሉ። አንዷ በቀረበች ቁጥር ፊቱን ቀና አድርጎ ፈገግ ይላል፤ ጫማዋ ሲርቅ ይከስማል። ሌላዋ ስትመጣ እንደገና ፈገግ።

ሁለት እርምጃ ሲቀራት ትቆማለች። ለእሷም ፈገግ ይላል። ስሙን ልትጠራ አፏን ትከፍታለች፤ እጇ ወደ አጭሩ ፀጉሯ ይሄድና አፏን መልሳ ትዘጋለች። ጥቂት ይጠብቅና፣ ፈገግታውን ቀስ ብሎ ሰብስቦ ወደሚቀጥለው ኮቴ ይዞራል።