ሳቁ የቆመበት ቦታ

የምኖረው በሌላ ሰው ሳቅና ለቅሶ ነው። አዲሱ ገበያ፣ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ተቀምጬ፣ ተመልካቾች ቪዲዮ እያዩ በየሰከንዱ የሚጽፉትን፣ በምስሉ ላይ የሚያልፈውን አስተያየት «ሳቅ»፣ «ንዴት»፣ «ሐዘን» እያልኩ እመድባለሁ። ይህም ሥራ ተብሎ!

ዛሬ ከሰዓት የደረሰኝ አምና የተለቀቀ ቀልድ ነው። ኮሜዲያኑ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ስክሪኑ በሳቅ ተሞላ። ሲነሳ ግን ሳቁ ቀጥ አለ።

«ሐመልማል አልሰማችም እንዴ?» ይላል አንዱ አስተያየት።

«ዝም በሏት። ነገ በጠዋት ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል።»

«ምስኪን፣ ያለ እናቷ ማን አላት!»

ሐመልማል እኔ ነኝ። ቀኑን አየሁት፤ ሁሉም አምና የተጻፉ ናቸው። እናቴን ደግሞ ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ልትሳለም ስትወጣ ታክሲ ያሳፈርኳት እኔው ነኝ። ደሜ ፈላ። በእናት ይቀለዳል?

አጠገቤ የሚሠራውን ቦናን ጠራሁት። ከምሳ በኋላ «ስልክሽን ቻርጅ ላድርግልሽ» ብሎ እንደወሰደ አልመለሰልኝም፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

«ና እስቲ ጉድ እይ! እናትሽ ሞታለች እያሉኝ ነው» አልኩት።

ስክሪኑን ዞር ብሎም አላየው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።