የጣርማ በር ጭቃ

እሑድ ጠዋት አንጋፋው ብስክሌተኛ፣ የክለቡ ባልደረባ ወጣቱ ወርቅነህና የአንጋፋው የዘወትር ባላንጣ ደሳለው የውድድሩ መነሻ ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ዳገቱ ላይ ነፋሱን እኔ እከልልልሃለሁ» አለ ወርቅነህ።

«ዛሬ ካላሸነፍኩ ክለቡ ያሰናብተኛል፤ አደራ!»

የጣርማ በር ዳገት ግርጌ ወርቅነህ ጎማው ፈንድቶበት ወደ ኋላ ቀረ። ዝናቡ መንገዱን አጨቀየው፤ ፊትና ማልያ በጭቃ ተለስኖ ሰው ከሰው አይለይም። አንጋፋው ብቻውን ሲመራ፣ አንዱ እያለከለከ ከጎኑ ደረሰ።

«አንተ ደሳለው፣ ዛሬስ አታልፈኝም!» ብሎ አንጋፋው መንጋጋውን በክርኑ አደቀቀው። ሰውየው ከነብስክሌቱ ተወርውሮ ከድንጋይ ጋር ተላተመ።

«ጋሼ፣ ምነው? እኔ እኮ ነኝ፤ ጎማዬን ቀይሬ ደረስኩልህ» አለ፣ ጥርሱን ከደም ጋር እየተፋ።

አንጋፋው ፍሬን ያዘ። ደሳለው በአጠገባቸው አልፎ አሸነፈ።