ከሠላሳ አንድ በኋላ

«አርባ ሲገባ እሸጣለሁ» ይላል ሙላው፤ ዓይኑን ከስልኩ አይነቅልም። ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለው የሹፌሮች ማቆያ ውስጥ የተሳፋሪ ተራ እየጠበቅን ነው። መኪናዬን አቁሜ እሱ ጎን ተቀምጫለሁ። ጉልበቱ አላርፍ ብሎ መሪውን ይመታል።

የገዛው የትሬዠሪ ኖት ፊውቸርስ ነው። የመንግሥት የብድር ሰነድ ዋጋው ይጨምራል ብሎ መወራረድ በሉት፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ቁማር ነው። ያስያዘው ደግሞ ሊልበርን ሊገዙት ላሰቡት ቤት ቅድመ ክፍያ የተጠራቀመውን ብር ነው። ሚስቱ እድላዊት አታውቅም። እኔ ካወቅኩ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሲገዛ ዋጋው 110-20 ይል ነበር፤ አሁን 110-31 ሆኗል። «መቶ አሥሯ ሳምንቱን ሙሉ ንቅንቅ አላለችም፣ አብዱ። ኋለኛዋን ብቻ ቼክ አድርግ» ይለኛል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኋለኛዋን አያለሁ።

ሠላሳ አንዷ ጠፍታ 00 ትመጣለች።

«ዜሮ ገባ» ይላል ሙላው። መሸጫውን ተጭኖ ስልኩን ጭኔ ላይ ይጥለዋል። ረጋ በል ሳልለው በሥራ ስልኩ ሚስቱ ጋ ይደውላል፤ ድምጿ በመኪናው ስፒከር ይመጣል።

«ወዬ ሙሌ፣ የሥራ ብሬክ ላይ ነኝ።»

«እድል፣ የቤቱን ብር ትሬድ አድርጌበት ነበር። ሳልነግርሽ። ሁሉም ሄደ።»

እኔ መግቢያ ሳጣ ጭኔ ላይ ያለውን ስልክ አነሳለሁ። 111-00 ይላል። ንቅንቅ አትልም የተባለችው ተነቃንቃለች። ከጎኗ ያለውን የማብራሪያ ምልክት እነካለሁ፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር የሚቆጠረው ከመቶ ሳይሆን ከሠላሳ ሁለት ነው። ሠላሳ አንድ ካለፈ ፊተኛዋ በአንድ ትጨምርና ኋለኛዋ ከዜሮ ትጀምራለች። የኛ ወር በሠላሳ አልቆ ሌላ ወር እንደሚገባው ማለት ነው። ሰውዬው መስከረም አርባን ሲጠብቅ ነው የሰነበተው።

አንጀቴ እየራሰ ስክሪኑን ፊቱ እደቅናለሁ። «አትርፈሃል እኮ።»

«እድል፣ ስሚኝ፣ ተሳስቼ ነው» ይላል ሙላው እየሳቀ፣ እንባውን እየጠረገ። «አነባበቡን አላወቅኩበትም እንጂ ብሩ አለ። እንደውም ጨምሯል።»

«እሁድ ቤቱን ስናይ» ትላለች፣ ቀስ ብላ። «የልጆቹን ክፍል ስትለካልኝ። ያኔ አውጥተኸው ነበር?»

ሙላው ሳቁን ያቆማል። የሥራ ስልኩ ተሳፋሪ መጣልህ እያለ ይበራል፤ አይነካውም።