የመሪው ጥቅል ሽቦ

ኦድቫር መሪውን ነቅሎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። እህቱ ቶርዲስ ጎኑ ባለው ወንበር ተቀምጣ በእጅ መብራት ታበራለታለች። የመኪናው መጠለያ ድሮ የጀልባ ማስቀመጫ ስለነበር ጠባብ ነው፤ በኦድቫር በኩል ያለው በር ገና ሳይከፈት ግድግዳውን ይነካል። እሷ ካልወረደች እሱ መውጣት አይችልም።

"ዝቅ አድርጊው እንጂ፣ ፊቴን እኮ ነው የምታበሪው!"

"ሥራው የት እንደደረሰ ከፊትህ ነዋ የማውቀው።"

ከመሪው ኋላ አንድ ክብ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። በውስጡ እንደ ጥብጣብ የሳሳ ሽቦ ተጠቅልሎ፣ መሪው በዞረ ቁጥር እየጠበቀና እየላላ ለክላክሱና በግጭት ጊዜ ለሚነፋው ኤርባግ ኤሌክትሪክ ያደርሳል። መኪናዋ ከእናታቸው የቀረች አሮጊት ናት። ባለፈው ወር ጥብጣቧ ተበጠሰ፤ ክላክሷ ዝም አለ፣ ዳሽቦርዱ ላይም ቀይ መብራት በርቶ ቀረ። ያ መብራት እየበራ ደግሞ የተሽከርካሪ ምርመራውን አታልፍም። አዲሱ ዕቃ ከራሷ ከመኪናዋ ስለሚወደድ፣ ኦድቫር ፎርዴ ከተማ ድረስ ሄዶ ኋላዋ ከተጨፈለቀች መኪና ላይ ያገለገለውን ፈታ።

ቶርዲስ ነገ ጠዋት መኪናዋን አስመርምራ፣ በዚያው ወደ በርገን ከተማ ትነዳለች። በባሕር ዳርቻው በሚመላለስ መርከብ ላይ የወጥ ቤት ሥራ አግኝታለች። ሃምሳን አልፋለች። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ልትሄድ ተነስታ ነበር። አንዴ እናታቸው ታመመችና ቀረች፤ አንዴ ኦድቫር ከጣሪያ ወድቆ ዳሌው ተሰበረና ቀረች።

"ይሄኛውም ካልሆነ ሁለተኛ አልነሳም" ብላዋለች ሰሞኑን፣ በጎቹን ሲሸልቱ። "እግዜር አልፈለገውም ብዬ አርፌ እቀመጣለሁ።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መስኮቶቹን ትንፋሻቸው ሸፍኗቸዋል።

"ድንች ብቻ እየበላህ እንዳትከርም።"

"ዓሣ አለ።"

"ማን ሊጠብስልህ? ውሃ ሲፈላ የምትደነግጥ ሰውዬ!"

ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ከነገ ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሰድበው እንኳ አይኖርም።

ክቡን ዕቃ በጣቶቹ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ ጠብቆ እምቢ እስኪል ድረስ። አሁን በግማሽ መመለስ አለበት። ጥብጣቡ ለግራም ለቀኝም የሚበቃው መሃል ላይ ሲሆን ነው።

እጁ ግን ቆመ።

እንዲሁ ቢተወው ማንም አያውቅም። ቀዩ መብራት ይጠፋል፤ ክላክሱም ይጮኻል። ነገ ግን ከፍዮርዱ፣ በተራሮቹ መሃል ከገባው ባሕር፣ በላይ ያለው ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ ስትጠመዝዘው ጥብጣቡ ብጥስ ይላል። እሷን ምንም አያገኛትም፤ መኪናዋም መታጠፏን አትተውም። ቀዩ መብራት ብቻ ተመልሶ ይበራል። ቶርዲስም ተመልሳ ትመጣለች።

"ምነው?"

"ምንም።"

እንዳለ ከተተው። መሪውን ገጠመ፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ኤርባጉን መለሰ። ቶርዲስ ወርዳ ከመኪናዋ አፍንጫ በኩል ተፈትቶ የቆየውን የባትሪ ሽቦ አስራ ተመለሰች። ቁልፉን ሲያዞረው ቀዩ መብራት ትንሽ ቆይቶ ድርግም ብሎ ጠፋ።

ቶርዲስ በላዩ ተንጠራርታ ክላክሱን ተጫነችው። ጩኸቱ መጠለያውን ሞላው፤ ከበረት በጎቹ መለሱላት። ያን መላጣ ራሱን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችው።

"እጅህ ይባረክ፣ ወንድሜ! ወጣሁ! አሁንስ ወጣሁ!"

"ውረጂ፣ ልለፍ።"

"ቆይ እስቲ፣ ምን ያስቸኩልሃል?" ወንበሯ ላይ ዘና አለች። "እውነቱን ልንገርህ? መሄዴን ስለማትወድ ሥራውን ታጓትተዋለህ ብዬ ፈርቼ ነበር። ስላማሁህ ይቅር በለኝ።"

ኦድቫር ወደ ግራው ዞረ፤ ግድግዳ ነው። ወደ ቀኙ ዞረ፤ እሷ ናት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ የምትስቅ። የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታ።

"ባትሪውን ፍቺው" አለ።

"ምን?"

"ፍቺው። ልክ አልገባም።"

"መብራቱ ጠፋ እኮ!"

"ኩርባው ላይ ይበጠሳል። መሃል አላደረግሁትም።"

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ወረደ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

ዋሽቶ ማለፍ ይችል ነበር። "ስገጥመው" አለ።

ቶርዲስ በሩን ከፍታ ወረደች። ወደ ቤት የሄደች መሰለው። አሁን መንገዱ ክፍት ነው፤ ተንሸራቶ ቢወርድ የሚከለክለው የለም። እሱ ግን ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ የመኪናዋ ክዳን ሲነሳ ሰማ። የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ ጠፉ።

ተመልሳ ገባች። በሩን ዘጋች፤ መብራቱንም አነሳች።

"ኤርባጉ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ትንሽ እንጠብቅና ትፈታዋለህ። አሁን ግን እኔ እያየሁ ነው የምትገጥመው።"

ጠበቁ። ከዚያ ኤርባጉን አወጣ፣ ብሎኑን ፈታ፣ መሪውን ነቅሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ዕቃውን እስከ ጫፍ አዞረና መመለስ ጀመረ። ቶርዲስ ዙሩን ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ ድምፅዋ ሻክሯል።

"በቃ፣ እዚህ ጋ ነው" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ፣ እቴ።"

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "በጎቹ ሲወልዱ እረፍት ጠይቄ እመጣለሁ" አለች፣ ሳታየው። "ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ።"

ከዚያ እጇን በክንዱ ሥር አሳልፋ አውራ ጣቷን ዕቃው ላይ ጫነች፤ እሱ መሪውን አንስቶ እስኪገጥም ድረስ፣ ከመሃሉ እንዳይነቃነቅ።