ሁለተኛው ነጠላ ጫማ

ክላክሱ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጮህ እኔ የጦጣው ግራ ጫማ ላይ ነኝ። ኪሮሹን አስገባለሁ፣ ክሩን ስቤ አወጣለሁ፣ አስገባለሁ፣ አወጣለሁ። የእህቴ ባል ሻንጣዎቹን ጭኖ፣ ሞተር አስነስቶ መሪው ላይ ተቀምጧል። ባሕሩ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ የስድስት ዓመቷ ልጃቸው ሚጣ ደግሞ ባሕር አይታ አታውቅም። ያለ ጦጣ አሻንጉሊቷ ንቅንቅ አልልም ብላለች።

ጦጣው ሌላው ሁሉ አልቆለታል። "ቅድሚያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ" እንደሚባለው የጀመርኩት ከቁምጣው ነው፤ ሰማያዊ፣ ነጭ መስመር ያለው። ከዚያ ጥቁር መነጽር፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ጣል የምትደረግ ፎጣ። ቀኝ እግሩ ቢጫ ነጠላ ጫማ አድርጓል። የግራው ሶሉ አልቋል፣ ማሰሪያው ይቀራል።

"አንድ እግር፣ መሸ እኮ" ይለኛል የእህቴ ባል በመኪናው መስኮት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው።

በዚህ ቤት ስሜ "አንድ እግር" ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለእማዬ ቢጫ ካልሲ ልሠራ ተነሥቼ አንዱን እግር ብቻ ሠርቼ ተውኩት። እጅጌ ላይ የቆመው ሹራብ፣ ጠርዝ የቀረው የጠረጴዛ ልብስ ሁሉ ተረሳ፤ ካልሲው ግን ስም ሆኖ ቀረ። እማዬም "አንድ እግር ምን ያደርግልኛል" ብላ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅላ የቁልፍ ማስቀመጫ አደረገችው። የገባ የወጣ ሁሉ ያየዋል።

ስቄ አሳልፈዋለሁ። ግን ያመኛል፣ መዋሸት ምን ያደርጋል። የስሙን ምክንያት የማታውቀው ሚጣ ብቻ ናት። "ለምንድነው አንድ እግር የሚሉሽ? ሁለት እግር አለሽ አይደል?" ብላ ስትጠይቀኝ "ስታድጊ እነግርሻለሁ" ብያታለሁ። ዛሬ ጦጣው በአንድ ጫማ ከሄደ ሳታድግ ታውቀዋለች።

ክሩን አያለሁ። አንድ ክንድ አይሞላም። ማሰሪያው ሦስት አራት ክንድ ይበላል፤ ለዚህ ሒሳብ አያስፈልግም፣ እጄ ያውቃል። ቶሎ ቶሎ እሠራለሁ፣ ከፈጠንኩ ክሩ የሚደርስልኝ ይመስል። ማሰሪያው ገና ሳይጋመስ ክሩ ያልቃል።

እህቴ ገብታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ታላቄ ናት፣ ትወደኛለች፣ ስለዚህ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትናገረው።

"በቃ፣ በቀይ ክር ጨርሺው።"

"ሁለቱም ቢጫ ይሁን ብላለች። አሸዋ ውስጥ ቢጠፋ እንዲታይ።"

"እንግዲያው እንዲሁ ይሂድ። የቀረውን ስንመለስ ትጨርሺለታለሽ።"

"ስንመለስ" የሚባል ነገር ከእኔ ጋር እንደማይሆን ሁለታችንም እናውቃለን።

የእህቴ ባል በሩ ላይ ብቅ ይላል። "ስሙ ራሱ ነጠላ ጫማ አይደል እንዴ? አንድ ነጠላ ምን አነሰው።"

እማዬ ከጓዳ ትስቃለች፣ እህቴም ትስቃለች። ቀልዱ ጥሩ ስለሆነ እኔም እስቃለሁ፤ ዓይኔ ግን እንባ ያቀራል። ሚጣ አትስቅም። ጦጣውን አቅፋ ባዶ እግሩን በመዳፏ ሸፍናለች። "አክስቴ ትጨርሰዋለች" ትለዋለች አባቷን። "አሸዋው እንደሚያቃጥለው ታውቃለች።"

እማዬ የጓዳውን በር ልትቆልፍ ፈልጋ እጇን ካልሲው ውስጥ ትከታለች። ያን ጊዜ አየዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን ሳዞርበት የኖርኩት ካልሲ። ቢጫ ነው።

"እማዬ፣ ካልሲውን ስጪኝ።"

"ቁልፌንስ የት ላድርገው?"

"ለጊዜው እጅሽ ላይ።"

ከጣቱ ጀምሬ ወደ ላይ ነበር የሠራሁት። አፉ ላይ ስደርስ ሰለቸኝና የመጨረሻዋ ቀለበት እንዳትፈታ በመርፌ ቁልፍ ይዣት ተነሣሁ። አልቋጨሁትም። አንዱን እግር እንኳ በወጉ አልጨረስኩም ነበር፤ ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። መርፌ ቁልፉን ነቅዬ ክሩን ስስበው፣ ስሙን እንደጠሩት ልጅ ይመጣል።

ሚጣን እጠራታለሁ። ካልሲውን እጇ ላይ ታጠልቀዋለች፤ እኔ ክሩን ከተጀመረው ማሰሪያ ጋር ቀጥዬ፣ ከእጇ ላይ እየተረተርኩ እሠራለሁ። ክሩ ተጠማዟል፣ ትንሽም ነጥቷል፤ ኪሮሹ ግን አልረሳውም። የእህቴ ባል ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ወጥቶ ሞተሩን ያጠፋል። ማሰሪያው ከፊት ተነሥቶ በግራና በቀኝ ይወርድና ሶሉን ይይዛል። ክሩን እቆርጣለሁ፣ በመጨረሻዋ ቀለበት አሳልፌ አጠብቃለሁ። ቋጨሁ።

ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ካልሲውንም እቋጨዋለሁ።

ጫማውን ሚጣ ራሷ ታጠልቅለታለች። ጦጣውን ጠረጴዛው ላይ ታቆመዋለች፤ ሁለት እግር፣ ሁለት ጫማ። አባቷ "በይ ደህና ሁኚ፣ አንድ..." ይልና ጦጣውን አይቶ ያቆማል። "ደህና ሁኚ" ይለኛል።

ሚጣ በመኪናው መስኮት አንገቷን ታወጣለች። "አሁን ትነግሪኛለሽ? ለምን አንድ እግር እንደሚሉሽ?"

"የድሮ ስሜ ነው" እላታለሁ።

መኪናው ሲታጠፍ የኋላው መስታወት ላይ ሁለት ቢጫ ጫማዎች ተለጥፈው ይታዩኛል። ደስ ብሎኛል፤ የማደርገው እስኪጠፋኝ ደስ ብሎኛል። ቤት ስገባ እማዬ ያጠረውን ካልሲ መልሳ ሰቅላዋለች፣ የቁልፎቹ ራስ ብቅ ብሏል። ወንበሬ ላይ መርፌ ቁልፉ ቀርቷል። ዝገቱን በቀሚሴ ጠርጌ ደረቴ ላይ፣ በግራ በኩል፣ እሰካዋለሁ።