በግንቡ ጥላ ሥር

ታላቅ እህቱ የቆስጣ ቅጠል ቀጥፋ ወደ አፏ አስጠጋችና ወንድሟን አየችው። ከአቃቂ ወንዝ በሚጠጣው መደቧ ላይ ቆስጣው ያለጊዜው አገዳ አውጥቶ ወገቧ ደርሷል። ሰፈሩ «የወንዙ መርዝ ነው» ማለት ከጀመረ ወዲህ፣ እርጉዝ ስለሆነች፣ ቀምሳው አታውቅም።

«እውነት ያስረዘመው ከግንቡ ማዶ ያለው የመጋዘኑ መብራት ነው? እስቲ ማልልኝ።»

«እመብርሃንን! ሌሊቱን ሙሉ ሲበራበት ቅጠሉ ቀኑ የረዘመ ይመስለዋል፤ የሚያሳድገውን ሆርሞን ያበዛና አገዳውን ይመዘዋል። ዩኒቨርሲቲ የተማርነው ነው፣ እትዬ።»

«እኛ ቤት መብራት ይጠፋል፤ ለቆስጣ ይበራለታል!» ብላ ሳቀች። በአንድ እጇ ሆዷን ደግፋ ቅጠሉን ነከሰች።

ገና እያላመጠች ሳለ መሸት አለና የመጋዘኑ ፓውዛ ቦግ አለ። ብርሃኑ በግንቡ አናት ተሻግሮ ከወንዙ ዳር ባለው መደብ ላይ ወደቀ። እህቱ የቆመችበት የግንቡ ጥግ ግን በጥላ ተዋጠ። እሱ እስከዛሬ የሚመጣው በቀን ብቻ ስለነበር ይህን አይቶ አያውቅም። ብርሃን የማይነካው የጥላው ቆስጣ ከሁሉም ይረዝም ነበር። ያስረዘመው መብራቱ አልነበረም ማለት ነው።

«ትፊው!» ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው።

«ኧረ ይጣፍጣል» አለችና ሁለተኛ ቅጠል ቀጠፈች።